«የሮሃስ ሰርተፍኬት የት ነው ሚሰጡት?» ለገላኑ ምጣድ ሰሪ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ገላን ውስጥ ስምንት ሆነን የኤሌክትሪክ ምጣድ ምንሰራበት ወርክሾፕ አለን። ዘንድሮ በድሮው ማብሪያ ማጥፊያ ፋንታ ዲጂታል ቴርሞስታት ጨመርንበት፣ ቦርዱን ራሳችን ነው ምንሰበስበው። ጀርመን ያለ አበሻ ነጋዴ 200 ምጣድ ሊወስድ ከተስማማን በኋላ የሮሃስ ሰርተፍኬት ላኩልኝ አለን። የት ነው ሚሰጡት? ደሞ አንድ ልጅ ሬዚስታንሱ ክሮሚየም አለው ያስጥላችኋል ብሎ አስደነገጠን።»

ከሬዚስታንሱ፣ ማለት ምጣዱን ከሚያግለው ሽቦ ልጀምር፣ መቼም እሱ ነው እንቅልፍ የነሳችሁ። ምንም አይልም ወንድሜ። ሮሃስ ኤሌክትሪክ እቃ ውስጥ ሚገቡ አደገኛ ንጥረ ነገሮችን ሚገድብ ህግ ነው፣ እሱ ሚከለክለው ክሮሚየም ስድስት ሚባለውን ነው፣ ማለት ክሮሚየሙ ክሮሜት ሆኖ ሲገኝ፣ ካንሰር አምጪው እሱ ነው። ሬዚስታንሱ ላይ ያለው ግን ብረት ሆኖ ከኒኬል ጋር ቀልጦ የተዋሃደ ነው፣ የተለመደው ኒክሮም 80 በመቶ ኒኬል 20 በመቶ ክሮሚየም ነው፣ ስቴንለስ ማንኪያችሁም እኮ ክሮሚየም አለው። ልጁ ግን ጭራሽ ዝም ብሎ አላወራም፣ ክሮሚየም ስድስት ከምጣዳችሁ ሊገኝ ይችላል፣ ሌላ ቦታ ነው እንጂ፣ ብሎኑ ላይ። በኪሎ ሚሸጠው ወርቅማ ቢጫ ሆኖ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ ቀለሙ ሚቀያየረው ብሎን አለ አይደል፣ እሱ ዚንክ ከተለበጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ክሮሜት ውስጥ የተነከረ ነው። ሻጩ ወረቀት ካላመጣለት እሱን አትንኩት፣ ስቴንለስ ግዙና ተገላገሉ። ቆርቆሮውን ምትቀቡት ቀለምም እንደዛው ነው፣ በተለይ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ከሆነ፣ ሊድ ክሮሜት ሚባለው ፒግመንት እርሳስም ክሮሚየም ስድስትም በአንዴ ይዞ ነው ሚመጣው። ጥቁር ወይ ግራጫ ቀቡት ምን ቸገራችሁ።

አሁን ወደ ሰርተፍኬቱ። የለም። ማለት ሮሃስ ሰርተፍኬት ማህተም አድርጎ ሚሰጥ የመንግስት ቢሮ እዚም የለም ብራስልስም የለም፣ እንሰጣለን ሚሉ የግል ድርጅቶች ሞልተዋል ግን ህጉ እሱን አይጠይቅም። ሮሃስ የአውሮፓ ህብረት ህግ ነው፣ የመጀመሪያው 2002/95 ሚባለው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ ስራ ላይ ዋለ፣ አሁን ያለው 2011/65 ነው። ሚለው ደሞ ግልጽ ነው፣ እቃውን የሰራው አካል ራሱ ይፈትሽ፣ ዶክመንቱን ያዘጋጅ፣ ከዛ የተስማሚነት መግለጫ ጽፎ በራሱ ስም ይፈርም፣ እቃው ላይ የአውሮፓን ህግ አሟልቷል ሚለውን የሲኢ (CE) ምልክት ያድርግ፣ ዶክመንቱንም 10 ዓመት ያስቀምጥ። ፈራሚው አንተ ነህ ማለት ነው። ፊርማ ስለሆነ ቀላል እንዳይመስልህ፣ የሆነ ቀን የጀርመን ተቆጣጣሪ ከሱቅ አንድ ምጣድ አንስቶ ቢያስመረምር ዶክመንቱን አምጡ ነው ሚለው፣ ያኔ ፎቶሾፕ የተደረገ ፒዲኤፍ ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ግን ነጋዴውን ዛሬውኑ ጠይቀው፣ ምጣዱ ላይ የማን ስም ነው ሚለጠፈው? የራሱን ብራንድ ከሆነ ሚለጥፈው በህጉ አምራች እሱ ይሆናል፣ መግለጫውን ሚፈርመውም እሱ ነው፣ እናንተ ለሱ መረጃ ሰጪ ናችሁ። የናንተ ስም ከሆነ ፈራሚ እናንተ እሱ አስመጪ፣ አስመጪም ቢሆን የራሱ ግዴታ አለበት ዝም ብሎ ሚቀበል አይደለም።

የተከለከሉት አስር ናቸው። እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም ስድስት፣ ፒቢቢና ፒቢዲኢ ሚባሉ ፕላስቲክ እሳት እንዳይዘው ሚጨመሩ ብሮሚን ያለባቸው ኬሚካሎች፣ ከነዚ ላይ አራት ፍታሌቶች ተጨምረዋል፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 22 ቀን 2019 ጀምሮ ማለት ነው፣ ፕላስቲክን ሚያለሰልሱ ናቸው እነሱ። ገደቡ ካድሚየም 0.01 በመቶ ሌሎቹ ሁሉ 0.1 በመቶ። ሁሉም ሰው ሚሳሳተው ታዲያ «ከምኑ ነው 0.1 በመቶ?» ሚለው ላይ ነው። ከምጣዱ አይደለም! ከእያንዳንዱ ወጥ ከሆነ ማቴሪያል ነው፣ በመፍታት በመቁረጥ በመፋቅ ከዛ በላይ ሊነጠል ከማይችለው። ሂሳቡን እየው፣ ምጣዱ 15 ኪሎ ነው እንበል፣ ቦርዱ ላይ 10 ግራም የድሮው ሊድ፣ ማለት ቦርዱ ሚበየድበት ሶልደር፣ ቢኖር ከሱ ውስጥ 3.7 ግራሙ እርሳስ ነው፣ ለ15 ኪሎ ስታካፍለው 0.025 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ አለፍን ብለህ ትስቃለህ። ህጉ ግን ወጡን በጭልፋ አይቀምስም፣ ሽንኩርቱን ለብቻ ቅቤውን ለብቻ በርበሬውን ለብቻ ነው ሚመዝነው። የሶልደሯ ጠብታ ለብቻዋ ስትመዘን 37 በመቶ እርሳስ ናት፣ ከገደቡ 370 እጥፍ። አንዲት ጠብታ ትበቃለች ለመውደቅ።

ስለዚ ዋናው ጉዳያችሁ ሊዱ ነው። እንግዲ አስበው ቴክኒሺያን ሁሉ ሶልደሩን «ሊድ» እያለ ነው ሚጠራው፣ ስሙ ራሱ እርሳስ ነው፣ አሁን ከሱቅ ሄደህ «ሊድ የሌለው ሊድ ስጠኝ» ልትል ነው እየሳቁብህም ቢሆን ትለምደዋለህ። መጠቅለያው ላይ 63/37 ወይ 60/40 ሚል ካለ ያው እርሳሱ ነው። ምትፈልጉት ወይ ሳክ 305 ሚባለውን ነው፣ 96.5 ቆርቆሮ 3 ብር 0.5 መዳብ፣ ወይ ደሞ ብር የሌለውን ረከስ ያለውን 99.3/0.7፣ ቆርቆሮና መዳብ ብቻ። ለናንተ ቦርድ ሁለተኛው ይበቃል ባይ ነኝ፣ በእጅ ለሚሰራ ትላልቅ ኮምፖነንት ብሩን ምን አደከማችሁ።

መጠቅለያው ቢዋሽስ? ይዋሻል። ዘዴ አለው፣ የድሮው 63/37 ሚቀልጠው 183 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሳክ 217 አካባቢ፣ 99.3ቱ ደሞ 227። ሙቀቱ ሚስተካከል ስቴሽን (የመበየጃ አይረን) ካላችሁ 200 ላይ አድርጉና የሶልደሩን ሽቦ የአይረኑ ጫፍ ላይ አስነኩት፣ እንደ ቅቤ ከቀለጠ እርሳስ ሊኖረው ይችላልና ይቅር። ርካሽ ስቴሽኖች ቁጥራቸው ስለማይታመን መጀመሪያ ምታውቁትን ሊድ አስነክታችሁ 183ቱን በትክክል እንደሚያሳይ እዩ። ይሄ ላብራቶሪ አይደለም፣ ግን ሱቅ በር ላይ ከመታለል ያድናል።

ሊድ ፍሪ ላይ ስትገቡ ልጆቹ ማማረራቸው አይቀርም። አይፈስም ይላሉ፣ እውነት ነው እንደ ድሮው አይፈስም፣ ጫፉ 350 እስከ 380 ይፈልጋል፣ ማታ ማታ ገላን ላይ መብራቱ ሲደክም ያቺ ሶኬት ላይ ሰክተው ሚሰሩባት ባለ 40 ዋት አይረን በፍጹም አትችለውም፣ ሙቀቱን ራሱ ሚጠብቅ ስቴሽን ግዙ። ጫፉም ቶሎ ይበላል፣ ብዙ ቆርቆሮ ያለበት ሶልደር የጫፉን ብረት ይበላዋልና ስትጨርሱ ሁሌ ቆርቆሮ አልብሳችሁ አጥፉት። መልኩ ደሞ ደብዘዝ ሻከር ያለ ነው፣ በድሮው አይን ካየኸው «ይሄ ኮልድ ጆይንት ነው»፣ ማለት በደንብ ያልያዘ ብየዳ ነው ብለህ ደግመህ ታሞቀዋለህ፣ እየደጋገምክ ፓዱን፣ ሶልደሩ ሚያርፍበትን የመዳብ ነጥብ፣ ከቦርዱ ታስነሳዋለህ። ጥሩ የሆነውን መልክ ፎቶ አንስታችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት።

የኔን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ቃሊቲ መስመር የኢመርጀንሲ መብራት ሚገጣጥም አንድ ድርጅት ኳሊቲ ላይ ስሰራ ሁሉን ነገር ሊድ ፍሪ አድርገን ነበር፣ የሶልደር ፓስታው፣ የሶልደር ሽቦው፣ ቦርዱ፣ ወረቀቱም ጢም ብሎ። ገዢው ናሙና ሲያስመረምር አንዷ መብራት ላይ አንዲት ጆይንት እርሳስ አላት ተብሎ መጣ። አንዷ ብቻ! ሁለት ሳምንት ፈለግን። ምን ሆኖ ነው፣ የተበላሸ ሚጠግን ልጅ ነበር ጥግ ላይ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ከቤቱ የራሱን ሊድ በኪሱ ይዞ ይመጣል ምክንያቱም የኛው «አይፈስም»። ማንም ነግሮት አያውቅም ለምን እንደቀየርን፣ እኛም አልነገርነውም። ጥፋቱ የኛ ነበር የሱ አይደለም። ጭነቱ ተመለሰ።

ለዚ ነው ከዛ በኋላ ምክሬ አንድ የሆነው፣ ሁለቱን ሊድ አንድ ቤት ውስጥ አታኑሩ። ለሀገር ውስጥ በድሮው ለጀርመን በአዲሱ እንስራ ትላላችሁ አውቃለው፣ ዋጋው ያጓጓል፣ ግን ስምንት ሰው ባለበት አንድ ክፍል አይሆንም። አይረኑ ጫፍ ላይ የቀረው፣ ስፖንጁ፣ ሶልደር ሚመጠጥበት የመዳብ ሽሩባ፣ ካለም የሶልደር ማቅለጫው ድስት፣ ሁሉም ይጋባል። ሁሉንም ቀይሩ፣ የድሮውን ጫፍ አታጽዱት፣ ጣሉት። ባዶ ቦርዱን ስታዝዙም ፓዱ ሊድ ፍሪ ይሁን በሉ፣ ዝም ካላችሁ አንዳንዱ ፋብሪካ በእርሳስ የተለበጠውን ነው ሚልከው ርካሽ ስለሆነ። «ምጣድ ሙቀት ስላለው በልዩ ሁኔታ ይፈቀዳል» ሚላችሁ ከመጣ አትስሙት፣ ያ ፈቃድ 85 በመቶና ከዛ በላይ እርሳስ ላለው ከፍተኛ ሙቀት ሚችል ሶልደር ነው፣ 63/37ን አይመለከትም።

ከሊዱ ቀጥሎ ሪሌው፣ ቴርሞስታቱ ሲያዘው መብራቱን ወደ ምጣዱ ሚያገናኘውና ሚቆርጠው ማብሪያ ማለት ነው። ምጣዳችሁ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይጎትታል ብዬ ልገምት፣ ስለዚ ወፍራም ሪሌ ነው ያስገባችሁት። የድሮ ወፍራም ሪሌዎች የመገናኛ ነጥባቸው ብርና ካድሚየም ኦክሳይድ ነበር፣ አሁንም ይሸጣል። ለካድሚየም መገናኛ በህጉ የተወሰነ ልዩ ፈቃድ አለ ግን ጊዜ ገደብ ያለው፣ በየጊዜው ሚከለስና በአይነት የተሸነሸነ ስለሆነ እሱ ውስጥ አትግቡ፣ ብርና ቲን ኦክሳይድ የሆነውን እዘዙ፣ ዳታሺቱ (የእቃው መረጃ ወረቀት) ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ።

ከዛ ገመዱ። ይሄ ብዙ ሰው ማይጠረጥረው ነው። ለስላሳው የፒቪሲ ገመድ ለስላሳ የሆነው ፍታሌት ስለገባበት ሊሆን ይችላል፣ ስም የሌለው ጥቅልል ገመድ ላይ ደሞ በአስር በመቶዎች ሚቆጠር ሊሆን ይችላል ከ0.1 ጋር አወዳድረው። መጥፎ ባህሪም አለው፣ ይሰደዳል። መጥፎውን ገመድ ከጥሩው የፕላስቲክ እቃ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አጉረህ ብታስቀምጠው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፣ ቅቤ አጠገብ እንዳስቀመጥከው ነጭ ጨርቅ በለው። ለብቻ አስቀምጡ። ደማቅ ቀይና ብርቱካን የፕላስቲክ ኖብ ካላችሁም ካድሚየም ቀለም ሊኖረው ይችላልና ጥቁር አድርጉት።

የነሐስ ተርሚናሎቹ ደህና ናቸው፣ መዳብ ቅይጥ ውስጥ እስከ 4 በመቶ እርሳስ በልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል። እሱም ቢሆን ሪች ሚባል ሌላ የአውሮፓ ህግ አለ፣ እርሳስን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳሳቢ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ከ0.1 በመቶ በላይ ያለበት እቃ ከሆነ ሮሃስ ቢያልፍህም ለገዢህ «እዚ ጋር እርሳስ አለ» ብለህ ማሳወቅ አለብህ። ለነጋዴው በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉለት አለቀ።

ወረቀቱ እንዴት ይዘጋጃል ላልከው፣ ኢኤን አይኢሲ 63000 ሚባል ስታንዳርድ አለ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ምጣዱን በትኑት፣ ከሸክላው እስከ መጨረሻዋ ዋሸር ኤክሴል ላይ ጻፉት፣ እያንዳንዱ ፊት ለፊት ከማን እንደገዛችሁ፣ ምን አይነት ማቴሪያል እንደሆነ፣ ምን ማስረጃ እንዳለ፣ ሚያሰጋ ነው አይደለም ሚለውን ሙሉ። ሚያሰጋ ያልሆነው ላይ፣ ለምሳሌ ሸክላው ጄሶውና ሬዚስታንሱ፣ ለምን እንደማያሰጋ አንድ መስመር በቂ ነው። ሶልደር፣ ሪሌ፣ ገመድ፣ ብሎን፣ ቀለም ላይ ግን ወይ የአቅራቢ መግለጫ ወይ የላብራቶሪ ሪፖርት ያስፈልጋል። ከቻይና ሚላክልህን ሪፖርት ስታይ መጀመሪያ ንጥረ ነገሮቹን ቁጠር፣ ስድስት ብቻ ከሆኑ ፍታሌቶቹ ከመግባታቸው በፊት የተሰራ ወይ ከዛ የተገለበጠ ነው። ከዛ ሪፖርቱ ላይ ያለው የእቃ ቁጥር ካንተ ሪሌ ጎን ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ አስር ጊዜ አይቻለው የሌላ እቃ ሪፖርት ሲላክ። ትላልቆቹ ላብራቶሪዎች የሪፖርት ቁጥር አስገብተህ እውነት መሆኑን ምታረጋግጥበት ገጽ አላቸው ተጠቀምበት።

ሙሉ ምጣዱን ላብራቶሪ እንላክ እንዳትሉ ብር ማባከን ነው። ሚያጠራጥሩትን ሶስት አራት እቃ ብቻ። ማዕድን ላይ ሚሰሩ ሰዎች ሚይዙት ውስጡ ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ሚያነብ ሽጉጥ መሳይ ኤክስአርኤፍ ማሽን የሆነ ሰው ጋር ካገኛችሁ ለሶልደርና ለብሎን ጥሩ መጀመሪያ ነው፣ ግን ሶስት ነገር እወቁ፣ ክሮሚየም አለ ይላችኋል እንጂ ስድስት ነው አይደለም አይነግራችሁም፣ ፍታሌትን ጭራሽ አያየውም፣ ደሞ ቦርዱ ላይ ካነጣጠራችሁት ትናንሽ ሬዚስተሮቹ መስታወት ውስጥ ያለውን የተፈቀደ እርሳስ አንብቦ በከንቱ ያስደነግጣችኋል። ሬዚስታንሱ ላይማ ብታደርጉት ክሮሚየሙ ጣራ ይነካል፣ ያ ልጅ ቆሞ ካለ በቃ አለቀልን ነው ሚለው።

ነጋዴው ሮሃስ ብቻ ከጠየቃችሁ ግማሹን ነው የጠየቀው። የሲኢ ምልክት ሚደረገው ለእቃው ሚመለከቱት ህጎች በሙሉ ሲሟሉ ነው፣ ለናንተ የኤሌክትሪክ ደህንነቱ 2014/35 እና ቦርዱ ሚያመጣው ሬዲዮ ረብሻ 2014/30 አሉ፣ እነሱ ላይ ቴስት ሚያስፈልግ ይመስለኛል ሌላ ጊዜ ጠይቁኝ። ሸክላው ምግብ ሚነካ ስለሆነም እርሳስና ካድሚየም ወደ ምግብ እንዳይወጣ ሚል የሴራሚክ ህግ አለ፣ በጎመን ዘር የታሸ እንጂ በግሌዝ ያልተቀባ ሸክላ ስለሆነ ስጋቱ ያነሰ ነው ግን ማስመርመር ነው። ያረጀውን ምጣድ መሰብሰብ ሚባለው ምዝገባ ጀርመን ውስጥ የነጋዴው ስራ ነው፣ ያቺን መስቀል የተደረገባት ቆሻሻ መጣያ ምልክት ግን እናንተ ታትሙበታላችሁ።

ከቤታችሁ ሚወጣው የድሮ ሊድ፣ የሶልደር አረፋ፣ የተበላሸ ቦርድ ምን ይሁን? ቆራሌው በር ላይ መጥቶ «ቆራሊዮ» ሲል አውጥታችሁ እንዳትሰጡት። መዳቡን ለማውጣት ገመዱን ያቃጥለዋል ቦርዱን ይቀጠቅጠዋል፣ ሰፈራችሁ ነው ሚጨሰው። እኛም ጋር ህግ አለ እኮ፣ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010፣ ሮሃስን ይመስላሉ ማለቴ አይደለም፣ እቃው ውስጥ ምን ይግባ ሳይሆን ቆሻሻው ወዴት ይሂድ ነው ሚሉት። ክዳን ባለው ባልዲ አጠራቅሙ፣ ላዩ ላይ ጻፉበት፣ መዝኑና መዝግቡ፣ ከዛ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ፣ አካባቢ ጥበቃ ብትጠይቁ ማን ፈቃድ እንዳለው ይነግሯችኋል።

እስክትቀይሩ ድረስ ደሞ አንድ ነገር፣ ጭሱን ነው ሁሉም ሚፈራው፣ ጭሱ ግን የፍላክሱ፣ ሶልደሩ እንዲይዝ ሚረዳው ነገር ነው፣ በአይረን ሙቀት እርሳስ ይተናል ለማለት አይበቃም። ጭሱም ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ መስኮት ክፈቱ፣ እርሳሱ ግን ሚገባው በእጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ምሳ ሚበላ ካለ፣ ሊድ በነካ እጅ ሚጎራረስ ካለ፣ እሱን ዛሬ አስቁሙ፣ ሳሙና አስቀምጡ፣ የስራ ልብሱንም ቤት ህጻናት ጋር ይዘው አይግቡ።

የሪሌውን ጎን ጽሁፍና አሁን ምትሰሩበትን ሊድ መጠቅለያ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ሁለቱን አይቼ ኤክሴሉን ከየት እንደምትጀምሩ እነግራችኋለው። ለነጋዴውም ሰርተፍኬት ሳይሆን «መግለጫና ቴክኒካል ፋይል እናዘጋጃለን፣ ስሙ የማን ይሁን?» ብለህ መልስለት፣ ጊዜም ጠይቀው፣ የሶልደር ሽቦውን ቀይራችሁ ቦርዱን እንደ አዲስ ሰርታችሁ ነው እንጂ ያሉትን ቦርዶች እያጸዳችሁ እንዳትልኩ።